ሐይቅ የሌላት ሚኤሶ ስለ ውሃ አደጋ ለምን ታስባለች?

ለሚኤሶና ለአካባቢዋ ነዋሪ የውሃ ችግር ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የውሃ እጦት ነው። ዝናብ የቀረበት በልግ፣ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ጀሪካን፣ ውሃ ፍለጋ የሚነዳ ግመልና ከብት የቆላው የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ናቸው። ሰው በውሃ ሰጥሞ ስለ መሞት ሲነሳ ግን ጉዳዩ የጣናን ዓሣ አጥማጅ፣ የላንጋኖን ጎብኚ ወይም በሜዲትራኒያን ደሴቶች ዳርቻ ለመዝናናት የሚዋኘውን የውጭ አገር ሰው ብቻ የሚመለከት ተደርጎ ይታያል። ሚኤሶ ሐይቅ የላትም፤ በዙሪያዋ ያሉት ወንዞችም አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል አሸዋ ሆነው የሚያሳልፉ ናቸው።

ይሁን እንጂ ውሃ በብዛት የማይገኝበት አገር ከውሃ አደጋ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ውሃ አልፎ አልፎና በድንገት በሚመጣበት ስፍራ ሰው ከውሃ ጋር የመኖር ልማድ አያዳብርም። ልጆች ዋና ሳይማሩ ያድጋሉ፤ በየቤቱ የሚቀመጥ የማዳኛ ገመድ የለም፤ የሰጠመን ሰው እንዴት እንደሚረዱት የሚያውቅም ጥቂት ነው። የክረምቱ ዝናብ በጭሮ ተራሮች ላይ በሚበረታበትና ለድርቅ መከላከያ የሚቆፈሩ ኩሬዎች በሚሞሉበት በዚህ ወቅት፣ ጥያቄው ለምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ቅንጦት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ጸጥ ያለው ሞት

የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ይህም በየሰዓቱ ከ30 በላይ ሰው ማለት ነው። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። ቁጥሩ ከ2000 ወዲህ በዓለም ደረጃ እየቀነሰ ቢመጣም፣ መቀነሱ በሀብታሞቹ አገሮች ፈጣን፣ በድሆቹ አገሮች ግን አዝጋሚ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ የዓለም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ዕለቱ ለኢትዮጵያ የሚውለው በክረምቱ መሐል ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ውሃ ባቆሩ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች፣ በወንዞችና በኩሬዎች ስለሚጠፋ ሕይወት ያሳስባል፤ የሠለጠኑ ጠላቂዎችም አሉት። ከዋና ከተማዋ ርቆ ባለ ቀበሌ ግን ሕፃን በኩሬ ሲሰጥም ጠላቂ የሚሆነው ጎረቤት ነው፤ ሞቱም ከቤተሰቡ ሐዘን አልፎ በመዝገብ የሚሰፍርበት ዕድል አነስተኛ ነው። ያልተመዘገበ አደጋ ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

የመስጠም ባሕርይ ራሱ አደጋውን ይሸሽጋል። ብዙ ሰው የሚሰጥም ሰው የሚጮህና እጁን የሚያወዛውዝ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን እየሰጠመ ያለ ሰው አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ለመተንፈስ እንጂ ለመጮህ ጊዜ አያገኝም። ትንሽ ልጅ ደግሞ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ሊሞት ይችላል። ትንፋሽ ከተቋረጠ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ ከሩቅ የሚጠራ ርዳታ በአብዛኛው አይደርስም፤ የሚያድነው በቦታው ያለ ሰውና አስቀድሞ የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

ደመናው በጭሮ፣ ጎርፉ በሚኤሶ

በቆላው የመጀመሪያው የአደጋ ምንጭ ደረቁ ወንዝ ነው። የጭሮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሚኤሶ ከእርሷ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከጭሮና ከአጎራባች ደጋማ ወረዳዎች ተዳፋት ላይ የሚወርደው ውሃ በዚህ አጭር ርቀት ቁልቁል ተንደርድሮ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሜዳ ይዘልቃል። በሚኤሶ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለች ሳለ አሸዋው ላይ ጎርፍ ሊደርስ የሚችለውም ለዚህ ነው።

የውሃውን መጠን በቀላል ሒሳብ መገመት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። መሬቱ የተራቆተ ከሆነና ግማሹ ወደ ወንዝ ቢወርድ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ጠዋት ደረቅ በነበረ አሸዋ ላይ ያልፋል። ዛፍና ሣር የለበሰ፣ እርከን የተሠራለት ተዳፋት ከዚህ ውስጥ ብዙውን ያሰርጋል፤ ያልተሠራለት ደግሞ አፈሩንም ጨምሮ ይልካል። ስለዚህ የላይኛው ገበሬ እርከን የታችኛው ሰው የሕይወት ዋስትና ጭምር ነው።

ምሥራቁ ይህን በመራራ ሁኔታ አውቆታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ውሃው የመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት ከፍታዎች ነበር። ሰዓቱ ሌሊት መሆኑ፣ ሕዝቡ በተኛበት መድረሱና ደረቁ ወንዝ የገበያና የመኖሪያ ስፍራ ሆኖ መቆየቱ ጉዳቱን አከበደው። ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ነገር ግን እንደ ሚኤሶ ባሉ ትንንሽ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች ግንብ የመሥራት አቅም ውስን ነው፤ መከላከያው በዋናነት መረጃና ልማድ ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ ሕዝቡን «ወንዝ ውስጥ አትግቡ» ብሎ መምከር ብቻ አያዋጣም። ደረቁ ወንዝ ለቆላው ነዋሪ መንገድ ነው፤ አሸዋው ተቆፍሮ የመጠጥ ውሃ የሚወጣበት ነው፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ለግንባታ አሸዋ የሚጫንበትም ነው። ስለሆነም የሚጠቅመው ምክር መቼና እንዴት መግባት እንደሚገባ የሚለይ ነው። ወደ ደቡብ፣ በተራሮቹ ላይ ደመና ሲከብድ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ከአሸዋው መውጣት፤ ጥቂት የነበረ ውሃ በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ወይም ከላይ የመጉላላት ድምፅ ሲሰማ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ከፍታ መሮጥ፤ በክረምት ሌሊት ከብትም ሆነ ሰው በወንዝ ውስጥ አለማሳደር ያስፈልጋል። የአሸዋ ጫኞች የሚተዋቸው ጉድጓዶች ጎርፉ ካለፈ በኋላም ጥልቀታቸው የማይታይ የውሃ ወጥመዶች ሆነው ስለሚቀሩ፣ ከመሄዳቸው በፊት ጠርዙን ማስተኛት ይጠበቅባቸዋል።

ጎርፍን በእግር ወይም በተሽከርካሪ ስለ መሻገርም የተሳሳተ ድፍረት አለ። በኃይል የሚፈስ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይዞ ይሄዳል። ሦስት እግር ያለው ባጃጅ ከዚህም ባነሰ ውሃ ይገለበጣል። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራልና፣ ትናንት የተሻገሩት ጥልቀት ዛሬ ላያሻግር ይችላል። የቆላ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጎድል፣ በዳር ሆኖ መጠበቅ የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ርካሽ የሆነው መሣሪያ ስልክ ነው። ጎርፍ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 25 ኪሎ ሜትር ለመውረድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል፤ የስልክ ጥሪ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በክረምት ወራት የቅጽበታዊ ጎርፍ ማሳሰቢያዎችን ያወጣል። ማሳሰቢያው በዞን ደረጃ የሚነገር በመሆኑ ግን የትኛው ወንዝ በየትኛው ሰዓት እንደሚሞላ አይነግርም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በላይኛው ቀበሌ ያለ የልማት ሠራተኛ ወይም የቀበሌ አመራር ከባድ ዝናብ ሲያይ በታች ላለው አቻው የሚደውልበት፣ የታችኛው ደግሞ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚያሳውቅበት የታወቀ ሥርዓት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ለድርቅ የተቆፈረው ኩሬ

ሁለተኛው ምንጭ ሰው ራሱ የሚሠራው ውሃ ነው። የጎርፍ ውሃን በኩሬ መሰብሰብ ለቆላው አርሶና አርብቶ አደር ከድርቅ መውጫ ዋና መንገዶች አንዱ ነው። በኦሮምኛ ሐሮ የሚባለው የጋራ ኩሬና በሶማሊ አጎራባቾች ዘንድ ቢርካ የሚባለው በሲሚንቶ የተገነባ የውሃ ማጠራቀሚያ በአካባቢው የቆዩ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. መንግሥት በብዙ ክልሎች የቤተሰብ ኩሬ የማስቆፈር ሰፊ ዘመቻ ሲያካሂድ ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው ኩሬዎች በየጓሮው ተስፋፉ። ከዘመቻው ጋር ከተነሡት ቅሬታዎች መካከል የወባ ትንኝ መራባት፣ የፕላስቲኩ መቀደድ፣ እንዲሁም ሕፃናትና ከብቶች በኩሬ መስጠማቸው ይገኙበታል።

ችግሩ ያለው በኩሬው አሠራር ላይ ነው። ፕላስቲክ ወይም ጂኦመምብሬን የተነጠፈበት ኩሬ ጎኑ ተዳፋት ነው። ፕላስቲኩ ሲረጥብና ላዩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ሲያበቅል እጅግ ያንሸራትታል። ውሃ ለመቅዳት ጎንበስ ያለች ልጅ እግሯ ከከዳት የምትይዘው ሣርም ሆነ ድንጋይ የለም፤ ለመውጣት በሞከረች ቁጥር ተመልሳ ትንሸራተታለች። ዋና የሚችል አዋቂ እንኳ ከእንዲህ ያለ ኩሬ ያለ ገመድ መውጣት ይከብደዋል። በአፈር የተሠራው የጋራ ኩሬ ደግሞ ዳሩ በከብት ተረግጦ ጭቃ ይሆናል፤ እግር ይይዛል፤ ደለሉ ሥር ያለው ጥልቀትም አይታወቅም።

በዚህ ላይ ሊካድ የማይገባው እውነተኛ ቅራኔ አለ። ኩሬ ለቤት ሲቀርብ ሴቶችንና ልጃገረዶችን ከሰዓታት ጉዞ ያሳርፋል፤ የጓሮ አትክልት ለማጠጣትም ይመቻል። ለቤት የቀረበ ኩሬ ግን መዳህ ለጀመረ ሕፃንም ቅርብ ነው። መፍትሔው ኩሬውን ማራቅ ሳይሆን በኩሬውና በሕፃኑ መካከል የሚከለክል ነገር ማኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመስጠም አደጋን ለመከላከል ከሚመክራቸው ስድስት እርምጃዎች የመጀመሪያው ይኸው አጥር ነው።

አጥር ለመሥራት የሚኤሶ አርሶና አርብቶ አደር አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ለከብት በረት የሚቆረጠው የግራር እሾህ ለኩሬም ይሆናል። በአካባቢው የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍም እሾሁ ለአጥር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፍሬ ያንጠለጠለ ቅርንጫፍ መጠቀም አይገባም። ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ በየመስኩ ስለሚበትነው፣ ሕፃን ለማዳን የተሠራ አጥር የግጦሹን መሬት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። አጥሩ በአዋቂ እንጂ በሕፃን እጅ የማይከፈት አንድ በር ብቻ ሊኖረው ይገባል።

ከአጥር ቀጥሎ መውጫ ያስፈልጋል። በየሁለት ክንዱ ቋጠሮ ያለው ወፍራም ገመድ በጠንካራ ካስማ ላይ ታስሮ ከኩሬው ጠርዝ እስከ ወለሉ ቢዘረጋ፣ የወደቀ ሰው ይዞት ሊወጣ ይችላል። በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ቢሆን ይመረጣል። ያረጀ የመኪና ጎማ በገመድ ተያይዞ እንደ መሰላል ቢወርድም ያገለግላል። ሦስተኛው ጥንቃቄ ሰውና ከብት ወደ ውሃው ዳር እንዳይወርዱ ማድረግ ነው። በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ወይም በገመድ የሚጎተት ባልዲ፣ ለከብት ደግሞ ከኩሬው ውጪ የሚሠራ ገንዳ፣ የመስጠም አደጋን ከመቀነሱም በላይ ውሃውን ከእበትና ከጭቃ ይጠብቃል፤ የኩሬውንም ዕድሜ ያረዝማል።

ጉዳዩ የፖሊሲ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኩሬ ሲቆፈር የቁፋሮው፣ የፕላስቲኩና የማጓጓዣው ወጪ ይሰላል፤ የሥራው ውጤትም በተቆፈሩ ኩሬዎች ብዛትና በሚይዙት ውሃ ይለካል። አጥሩ፣ ገመዱና ገንዳው «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ይሠራሉ» ተብለው ለኋላ ከተተዉ፣ ኩሬው በመጀመሪያው ዝናብ ሲሞላ አጥር አይኖረውም። አጥር የሌለው ኩሬ እንደ ተጠናቀቀ ሥራ እንዳይመዘገብ ማድረግ ለወረዳ ግብርናና ለውሃ ጽሕፈት ቤቶች ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ የአሠራር ለውጥ ነው።

ባሕሩም ከሚኤሶ ሩቅ አይደለም

ሚኤሶ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመርና ወደ ምሥራቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚሁ አቅጣጫ ከኦሮሚያ፣ ከአማራና ከትግራይ የሚነሡ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይጓዛሉ። የሐረርጌ ወጣትም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ባሕር አይቶ የማያውቅ ወላጅ ልጁን ለባሕር ሊያጣ ይችላል።

የቅርብ ዓመታት መዝገብ ይህን ይመሰክራል። እንደ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መረጃ፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደላሎች በየመን ሻብዋ ግዛት ዳርቻ ከ100 በላይ ሶማሊያውያንንና ኢትዮጵያውያንን ከጀልባ አስገድደው ወደ ባሕር ጥለዋል፤ እስከ 50 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ የተሳፋሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 16 ዓመት ገደማ ነበር። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣ ጀልባ ከልክ በላይ መጫኑን ያዩ ደላሎች 80 ያህል ሰዎችን ወደ ባሕር ሲጥሉ ቢያንስ 20 ሞተዋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. 260 ሰዎችን የጫነ ጀልባ በየመን አቅራቢያ ሲገለበጥ ቢያንስ 49 ሞተው 140 ያህሉ ጠፍተዋል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአብያን ግዛት ዳርቻ በተገለበጠ ጀልባ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ በርካታ ሰዎች አልቀዋል።

እዚህ ላይ ዋና መቻል ሕይወት ያድናል ብሎ መደምደም የዋህነት ነው። በሌሊት፣ በማዕበል፣ ከነልብስና ከነድካም ወደ ባሕር የተጣለ ሰው ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆንም ላይተርፍ ይችላል። ሆኖም ጀርባን አስተኝቶ ለደቂቃዎች መንሳፈፍ የሚችልና በመጀመሪያው ጥልቀት የሚሰጥም ሰው ዕጣ አንድ አይደለም። ለመንገዱ የተነሣን ወጣት የሚያስቀረው በዋናነት ሥራና ገቢ ቢሆንም፣ ቤተሰብ ከደላላ ጋር ሲመክር የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከገንዘቡ አልፎ ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝና የሕይወት አድን ጃኬት መኖር አለመኖሩን ሊጨምር ይገባል። ደላላው መልስ የማይሰጥበት ጥያቄ ራሱ መልስ ነው።

ዋናን የት መማር ይቻላል?

በአገር ውስጥም ኢትዮጵያውያን ከውሃ ጋር የሚገናኙበት ዕድል እየሰፋ ነው። በቢሾፍቱ፣ በላንጋኖና በሐዋሳ የቆየው የሐይቅ ዳር መዝናኛ እንደ ወንጪና ጎርጎራ ባሉ አዳዲስ የቱሪዝም ልማቶች ተጠናክሯል። በምሥራቅ ሐረርጌ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶለታል። በመተሐራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ሐይቁን ሳያይ ያደገ ትውልድ በአንድ ጊዜ ከጥልቅ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሥጋቱ ከደስታው ጋር አብሮ ይመጣል።

ለሠርግ፣ ለትምህርት ቤት ጉብኝት ወይም ለበዓል ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ሊይዛቸው የሚገቡ ሕጎች ጥቂት ናቸው። ብቻን አለመዋኘት፤ ጠጥቶ ወይም ቅሞ በድካም ላይ እያሉ አለመግባት፤ ጥልቀቱን በማያውቁት ውሃ ውስጥ በራስ አለመወርወር፤ ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት የሕይወት አድን ጃኬት መጠየቅና ማሰር፤ ልጆችን ለታላቅ ልጅ ሳይሆን ለአንድ የታወቀ አዋቂ ማስጠበቅ። በአዋሽ ወንዝ አዞ መኖሩን፣ በመስኖ ቦዮችና በዝግተኛ ውሃዎች ደግሞ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩንም ማስታወስ ይገባል።

የመዋኛ ገንዳ በሌለበት ዞን ልጆች ዋናን እንዴት ይማራሉ ለሚለው ጥያቄ የባንግላዴሽ ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። በዚያች አገር ገጠር በየቤቱ ደጃፍ ኩሬ አለ፤ የሕፃናት ሞትም ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ነበር። ማኅበረሰቡ በኩሬዎቹ ውስጥ ከቀርከሃ መድረክ ሠርቶ፣ ልጆች በልኬት በታወቀ ጥልቀት በሠለጠነ የመንደር ወጣት ዋና እንዲማሩ አደረገ። ለታናናሾቹ ደግሞ እናቶች ሥራ በሚበዛባቸው የጠዋት ሰዓታት አንዲት የሠለጠነች የመንደሩ ሴት የምትጠብቅበት ማቆያ ተከፈተ። በተደረገው ጥናት ማቆያው በትንንሾቹ መካከል የመስጠም ሞትን ከ80 በመቶ በላይ፣ የዋና ትምህርቱም በሚማሩት መካከል ከ90 በመቶ በላይ እንደ ቀነሰ ታይቷል።

ይህ ተሞክሮ እንዳለ ወደ ሚኤሶ አይገለበጥም። ደለል የሞላበትና ለመጠጥ የሚውል ኩሬ የዋና ትምህርት ቤት ሊሆን አይችልም። የሚወሰደው ዋናው ሐሳብ ግን ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ትንንሽ ልጆችን የሚያድነው ዋና ሳይሆን የሚጠብቃቸው አዋቂ ነው፤ ሁለተኛ፣ ለትልልቆቹ የሚሰጠው ትምህርት ውድ ሕንፃ አይፈልግም። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፣ በደረቅ ሜዳ ላይ፣ ገመድ መወርወርን፣ የሰመጠን ሰው በዱላ መሳብንና ትንፋሽ መስጠትን ማስተማር ይቻላል። ልጃገረዶች ውሃ የሚቀዱ፣ ወንዶች ልጆች ከብት የሚያጠጡ በመሆናቸው ከአዋቂ ቀድመው አደጋው ላይ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ጀሪካንና ገመድ

በብዙ የመስጠም አደጋ ሟቹ አንድ ብቻ አይሆንም። ወንድም ለወንድሙ፣ አባት ለልጁ ዘሎ ይገባና ሁለቱም ይቀራሉ። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና፣ ዋና የማይችል አዳኝ ቀርቶ የሚችለውም ይሰጥማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ወደ ውሃው አለመግባት ነው። ዳር ላይ በደረት ተኝቶ ዱላ፣ ቅርንጫፍ ወይም ጋቢ መዘርጋት፤ ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ይገባል።

የሚንሳፈፈው ነገር በእያንዳንዱ ቤት አለ። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ላይ የማንሳት ኃይል አለው። ለአዋቂ የሚሠሩ ብዙ የሕይወት አድን ጃኬቶች ኃይላቸው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚደርስ ነው። በጀሪካኑ እጀታ ላይ 15 ሜትር ገመድ አስሮ፣ እንዳይወሰድ ቀለም ቀብቶ በየኩሬው በር ላይ መስቀል ለአንድ መንደር ትልቅ የማዳኛ መሣሪያ ነው። ለመወርወር እንዲያመች ጥቂት ውሃ ቢቀርበት ይሻላል፤ ነፋስ እንዳይመልሰው ክብደት ይሰጠዋል።

ሰውየው ከወጣ በኋላ የሚደረገውም መታወቅ አለበት። እግሩን ወደ ላይ አንጠልጥሎ ማንገላታት ወይም ውሃ እንዲወጣ ሆድን መጫን ጠቃሚ አይደለም፤ ጊዜ ያባክናል፤ ትውከት ወደ ሳንባ እንዲገባም ያደርጋል። የማይተነፍስ ከሆነ በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ ግንባሩን ወደ ኋላ አዘንብሎና አገጩን አንሥቶ፣ አፍንጫውን ይዞ አምስት ጊዜ በአፍ ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል። የሕይወት ምልክት ካልታየ በደረቱ መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚደርስ ፍጥነት 30 ጊዜ በኃይል መጫን፣ ከዚያ ሁለት ትንፋሽ መስጠትና ርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ መደጋገም ነው። ነፍሱ የተመለሰች ሰው ደኅና ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ ሳንባው የተጎዳ ከሆነ ከሰዓታት በኋላ ሊያመው ይችላል።

የማን ሥራ ነው?

የመስጠም አደጋ በወረዳ ደረጃ ባለቤት የለሽ የሆነበት ምክንያት በሁሉም ደጅ ላይ ስለሚያልፍ ነው። ኩሬው የግብርናና የውሃ፣ ጎርፉ የአደጋ ስጋት፣ ሕፃኑ የጤና፣ ተማሪው የትምህርት፣ ተጓዡ የሠራተኛና የፖሊስ ጉዳይ ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚጀመረው ከመቁጠር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ሲዞሩ በውሃ የሞተን ሰው ዕድሜ፣ ቦታና የውሃውን ዓይነት በአንድ መስመር ቢመዘግቡ፣ ወረዳው ከአንድ ዓመት በኋላ አጥሩ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የትኛው ኩሬ፣ ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው የትኛው ወንዝ እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ በፊት ግን ምንም መዝገብ የማይጠብቁ ሥራዎች አሉ። የዘንድሮ ክረምት ሳያበቃ እያንዳንዱ የኩሬ ባለቤት እሾህ ሊያጥር፣ ገመድ ሊዘረጋ፣ አንድ ጀሪካን በበሩ ላይ ሊሰቅል ይችላል። የላይኛው ቀበሌ የታችኛውን የስልክ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ለድርቅ ቀን የተጠራቀመው ውሃ የሚጠቅመው ሊጠጡት የታሰቡት ልጆች በሕይወት ሲኖሩ ነውና፣ ኩሬው ተጠናቀቀ የሚባለው ውሃ ሲሞላ ሳይሆን አጥሩ ሲዘጋ ሊሆን ይገባል።